በኤሌክትሪክ ምጣድ የቁርስ ፒዛ ስጋግር ሥሩ እያረረ እንቁላሉ ጥሬ ይቀራል፤ ምን ላድርግ?

የቱሉ ዲምቱ እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለምንሄድ፣ ልጆቼ ተረጋግተው ቁርስ የሚበሉት ቅዳሜ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ከተለመደው ፍርፍርና ጨጨብሳ ለየት ያለ ነገር ላበላቸው ብዬ፣ እንቁላል ያለበት የቁርስ ፒዛ በቤቴ መጋገር ከጀመርኩ አንድ ወር ሆነኝ። ኦቨን የለኝም፤ ያለኝ እንጀራ የምጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ነው። አራት ቅዳሜ ሞክሬ አራቱንም ጊዜ አልተሳካልኝም።

ሊጡን ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ አቦካዋለሁ። ለግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾና ለብ ያለ ውሃ አድርጌ፣ በሳፋ ከድኜ ወጥ ቤት ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ስነሣ ሊጡ ከሳፋው ጠርዝ ላይ ፈስሶ፣ መካከሉ ሰርጉዶ፣ የጠላ ጥንስስ የሚመስል ሽታ ይዞ አገኘዋለሁ። በመዳመጫ ስዳምጠውም ይቀደድብኛል። እንደምንም ብዬ ምጣዱ ላይ ዘርግቼ፣ ስልስ ቀብቼ፣ አይብ በትኜና እንቁላል ሰብሬበት ስከድነው፣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ሥሩ ጠቁሮ፣ የእንቁላሉ ነጭ ግን ገና ውሃ ሆኖ ይቆየኛል። አይቡም አንድም ጊዜ ቀልጦልኝ አያውቅም፤ እንደተፈረፈረ ይደርቃል። ባለፈው ቅዳሜ ትንሿ ልጄ ሥሩን ልጣ ልጣ ላዩን ብቻ ስትበላ ሳይ በጣም አዘንኩ። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ሊጥ አቡኪው ከአያት፦

እኅቴ፣ የምጣዱን ነገር ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ስለሚኖሩ እኔ ስለ ሊጡ ብቻ ልናገር። በዳቦ ቤት ለ11 ዓመት ሊጥ ሳቦካ ኖሬአለሁና የነገሩን ሽታና ስርጉድ በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ሊጡ ከልኩ በላይ ኩፍ ብሎ ወድቋል። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ የሚጨመረው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተነሥቶ ወዲያው ለሚጋገር ሊጥ ነው። እርስዎ ግን አሥር ሰዓት ያሳድሩታል። እርሾው ይህን ያህል ጊዜ ሲያገኝ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር በልቶ ይጨርሳል፣ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ሊጡን አያይዞ የሚለጠጠው ነገርም ስለሚዳከም በመዳመጫ ሲነካ ይቀደዳል።

በዚህ ላይ የከፍታችን ጉዳይ አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆኑ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በሊጡ ውስጥ የሚፈጠረውን ጋዝ የሚጫነው አየር ቀላል በመሆኑ ሊጡ እዚህ ፈጥኖ ያብጣል። የፒዛ አሠራር የተለመደው ባሕር ዳርቻ ላይ በተቀመጠችው በኔፕልስ ነውና፣ ከውጭ አገር የተጻፈውን የእርሾ መጠን እንዳለ የሚቀዳ ሰው እንደ እርስዎ ይቸገራል።

ስለዚህ ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 300 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ 10 ግራም ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ደረቅ እርሾ ይበቃዎታል። ብርዱ በሚጠናባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ብቻ ግማሽ የሻይ ማንኪያውን ሞላ ያድርጉት። ጨውን እንዳይቀንሱ አደራ እላለሁ፤ የእርሾውን ፍጥነት የሚገታው እርሱ ነው። የሊጡን ፊት ዘይት ቀብተው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቅርፊት ያወጣል። ጠዋት ለሁለት ከፍለው ካድበለበሉት በኋላ 20 ደቂቃ ሳይነኩት ይረፍ። ያላረፈ ሊጥ ሲዳምጡት ወደ መካከሉ ይሰበሰባል እንጂ አይዘረጋም።

የሱሉልታ ባልቴት፦

ልጄ፣ የሊጡን ነገር ወንድማችን በትክክል ነግሮሻል። የምጣዱን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። ድፎ ዳቦ ሲጋገር ከላይም ከታችም እሳት እንደሚደረግለት ታውቂያለሽ። ፒዛም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ኦቨን ያለው ሰው የሚያገኘውም ይህንኑ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድሽ ግን እሳቱ ከታች ብቻ ነው። ለእንጀራ ይህ ይበቃል፣ ምክንያቱም እንጀራ ስስ ነው፣ በእንፋሎቱም ይበስላል። በስልስ፣ በቺዝና በእንቁላል የተጫነ ሊጥ ግን ላዩ እስኪበስል ሥሩ አይጠብቅሽም። ስለዚህ አምባሻ እንደምታገላብጪ ሊጡን ባዶውን አገላብጪው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። አንዱን ድብልብል ሊጥ ከእንጀራ ግማሽ በሚያንስ ስፋት ዳምጪው፤ ትልቅ ከሆነ ስታገላብጪው ይታጠፍብሻል። ምጣዱን አሙቂና አሰሽው፣ ሊጡንም ስልስ ሳትቀቢ ባዶውን ዘርጊው። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ላዩ ላይ እብጠት እብጠት ሲያወጣና ሥሩ ወርቃማ ነጠብጣብ ሲይዝ ገልብጪው፤ በሌላው በኩል አንድ ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በሰፌድ አውጥተሽ፣ በደንብ የበሰለው ፊት ወደ ላይ እንዲሆን አድርገሽ፣ ስልሱንና ቺዙን በእርሱ ላይ አድርጊ። እኔ በብርጭቆ ቂጥ ጫን እያልኩ ለእያንዳንዱ እንቁላል ጎድጓዳ ቦታ አበጅለታለሁ፤ አለበለዚያ ነጩ እየፈሰሰ ምጣዱ ላይ ይያያዛል። ከሰፌዱ ወደ ምጣዱ መልሰሽ አንሸራትቺው፣ እንቁላሉን በጎድጓዳው ውስጥ ስበሪ፣ ክደኚው፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላም ምጣዱን አጥፊው። ሸክላው የያዘው ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ አምስትና ስድስት ደቂቃ ተከድኖ ሲቆይ እንቁላሉ ይረጋል፣ ሥሩም አያርርም። በመካከሉ አንድ ጊዜ ክዳኑን አንሥተሽ በውስጥ በኩል ያለውን ላብ በጨርቅ ጥረጊ፤ ካልጠረግሽው እየተንጠባጠበ ቺዙን ያጨቀየዋል።

እንቁላሉን ከፍሪጅ አውጥተሽ ወዲያው አትስበሪው፤ ማታውኑ ውጭ ይደር። ስልሱም ትኩስ ይሁን። ቲማቲሙን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውሃው እስኪመጥ አቁላይው፣ ማንኪያ ሲጎተትበት የድስቱ ሥር ታይቶ መንገዱ ቶሎ የማይከደን ከሆነ ደርሷል። ውሃ የያዘ ስልስ ሊጡን ያላቁጠዋል።

አይብሽ ያልቀለጠው ያንቺ ጥፋት ሆኖ አይደለም፤ አይብ አይቀልጥም። እኔ ያለሁት ላም በሚረባበት በሱሉልታ ስለሆነ አይብ በየሳምንቱ አወጣለሁ። ቅቤው ከተናጠ በኋላ የቀረው አሬራ በእሳት ሲሞቅ በኮምጣጣነቱና በሙቀቱ የሚረጋ ነውና፣ እንደገና ብታሞቂው ውሃው ወጥቶ ይደርቃል እንጂ አይለሰልስም። ሞዛሬላና ፕሮቮሎኔ የሚቀልጡት ግን ወተቱ በሌላ መንገድ፣ በማርጊያ፣ ስለሚረጋ ነው። ከእነዚህ አንዱን ገዝተሽ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቀሽ በጥቂቱ በትኚ። አይቡን አትተዪው፤ ፒዛው ከወጣ በኋላ በቃሪያና በበሶብላ ለውሰሽ ቀዝቃዛውን ጣል ጣል አድርጊበት። ለእኔ ከሞዛሬላው ይልቅ ይህ ይጣፍጠኛል።

ጎረቤት ከሰበታ፦

እናታችን ስለ ድፎ ዳቦ ካነሡ አይቀር፣ እኔ ሊጡን ሳላገላብጥ የምሠራበትን መንገድ ልጨምር። በእኛ ሰፈር መብራት ጠዋት ጠዋት ስለሚጠፋ፣ ግቢ ውስጥ በከሰል ምድጃ ላይ ወፍራም ብረት ምጣድ አስቀምጬ፣ ከሥሩ የኮባ ቅጠል አንጥፌ፣ በላዩ ሊጡን ከነስልሱና ከነእንቁላሉ አድርጌ፣ በቆርቆሮ ከድኜ በክዳኑ ላይ ፍም እበትናለሁ። ቅጠሉ ሥሩን ከማረር ይጠብቀዋል፣ ፍሙም ቺዙን ከላይ ያቀልጠዋል። ከታች ጥቂት፣ ከላይ በርከት ያለ ፍም ማድረግ ነው የዚህ ዘዴ ቁልፉ። ለቤቱ የሚሰጠው መዓዛ በምጣድ ከሚገኘው ጋር አይወዳደርም።

የሱሉልታ ባልቴት፦

ልጄ፣ መዓዛው እውነት ነው፤ በኮባ ላይ ግን አልስማማም። ኮባ እርጥበት ይዞ ሥሩን ያለሰልሳል። ለድፎ ያ ለስላሳነት ክብሩ ነው፤ የፒዛ ሥር ግን ሲነከስ ቀጭ ማለት አለበት። ፍሙን ከላይ የምታበዛ ከሆነ ኮባውን ትተህ ከሥሩ ዱቄት ብቻ ነስነስ አድርገህ ሞክረው።

ሊጥ አቡኪው ከአያት፦

በከሰሉ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጠያቂዋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖሩት። የከሰል ጭስ ሽታው ባይታወቅም በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ የሰበታው ወንድማችን ዘዴ ለግቢ እንጂ ለወጥ ቤት አይሆንም። በሩ ተከፍቷል ተብሎም መተማመን አይገባም። መብራት ከጠፋ ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አስገብተው ያቆዩት፤ ፍሪጁ እስኪሞቅ ጥቂት ሰዓታት ይታገሣል፣ መብራቱ ከተመለሰ ደግሞ ካስፈለገ እስከ እሑድ ይቆያል።

የቱሉ ዲምቱ እናት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ቅዳሜ የተነገረኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። ሊጡ በሳፋው ውስጥ እጥፍ ሆኖ፣ ፊቱ ክብ እንደሆነ፣ ምንም ሽታ ሳይኖረው አደረ። የመጀመሪያውን ፒዛ ምጣዱን በጣም አግዬው ስለነበር ገና ሳላገላብጠው በአንድ በኩል ጠቆር አለብኝ፤ ሁለተኛው ግን እንደ ተነገረኝ ሆነ። ሳወጣው ነጩ ረግቶ፣ አስኳሉ ሲነካ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። አይቡን በቃሪያና በበሶብላ ለውሼ ጣል አደረግሁበት፤ ትንሿ ልጄ ሥሩን ከነጠርዙ በላች፣ ቃሪያውን ብቻ ለቅማ ለአባቷ ሰጠች።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ጾም ሲገባ ቺዝና እንቁላል ስለማይበላ፣ በስልስ ብቻ የሠራሁት ደረቅ ሆኖብኝ ነበር። ምን ይሻላል?

የሱሉልታ ባልቴት፦

እናቴ፣ እሰይ! ሁለተኛው የተሻለው ምጣዱ መጠነኛ ሙቀት ላይ ስለደረሰ ነው፤ ወደፊት ከመዘርጋትሽ በፊት ቁንጥር ዱቄት በትነሽ እዪው፣ ወዲያው ከጠቆረ ጥቂት ታገሺ። ለጾም ደግሞ ሽሮውን ወፈር አድርገሽ እንደ ተጋቢኖ ሥሪና በቺዙ ቦታ በስልሱ ላይ ቀቢው፤ ሊጡን ያርሰዋል፣ ይያያዛልም። በላዩ ቀጫጭን የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ካገኘሽም ቀድመሽ በዘይት ጠበስ ያደረግሽው እንጉዳይ ጨምሪበት። እንጉዳዩን ጥሬውን አታድርጊ፤ ውሃው ሁሉ ሊጡ ላይ ይወጣል።