የፋይል ሰዓትን ወደ 64 ቢት ሳሳድግ የድሮ ፕሮግራሞች ተበላሹ

ሰላም። በ32 ቢት አርም ሊኑክስ ላይ የሚሠራ የሲ ላይብረሪ አለኝ። አንዱ ፈንክሽን ፋይሉ መጨረሻ የተቀየረበትን ሰዓትና መጠኑን በአንድ ስትራክት (መረጃዎች በቋሚ ቅደም ተከተል የሚቀመጡበት ጥቅል) ይሰጣል። ሰዓቱ 32 ቢት ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 19፣ 2038 አያልፍም።

ጂሊብሲ (የሊኑክስ ዋናው የሲ ላይብረሪ) 2.34 ላይ የሰዓትንና የፋይል መጠንን የቢት ስፋት የሚወስኑትን «ታይም ቢትስ»ንም «ፋይል ኦፍሴት ቢትስ»ንም 64 አድርጌ ኮምፓይል አደረግኩት። የ2040 ቀን የሰጠሁትን ፋይል በትክክል አነበበ። ግን ስትራክቱ ሰፋ። እንደገና ኮምፓይል ያልተደረጉ ፕሮግራሞች አሁን የፋይሉን መጠን ከተሳሳተ ቦታ ያነባሉ፤ አንዳንዴም ክራሽ ያደርጋሉ። የብዙዎቹ ሶርስ ኮድ እጄ ላይ የለም፤ ተጠቃሚዎቻቸውን ሜዳ ላይ መጣል ደግሞ አልፈልግም።

የድሮውን ፈንክሽን እንዳለ ትቼ፣ ጂሊብሲ ራሱ እንዳደረገው ለ64 ቢቱ በሌላ ስም አዲስ ልጨምርና ሄደሩ (ፕሮግራሞች ኮምፓይል ሲደረጉ የሚያነቡት ፋይል) ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ፣ ወይስ የላይብረሪውን የሶኔም (ፕሮግራሞች ሲነሱ ላይብረሪውን የሚፈልጉበት ስም) ቁጥር ልቀይር?