አዲስ የመጣች ድመት፦ ተቅማጥና መደበቅ

ጠያቂ፦
ዓመት ገደማ የሆናት ድመት ከመጠለያ ወስደናል። ከመጣች ወዲህ በቀን አራት አምስት ጊዜ ያስቀምጣታል። ደም የለውም፣ አታስመልስም፣ ትንሽ ትንሽ ትበላለች፤ ቀን ቀን ግን ከአልጋ ሥር አትወጣም። እዚያ ደረቅ ምግብ ነበር የለመደችው፤ እኛ የታሸገ እርጥብ ምግብና ወተት ጀመርንላት። የሰው የተቅማጥ መድኃኒት ቀንሰን ብንሰጣትስ?

ውሮ ወዳድ፦
የሰው መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፍጹም! (ፓራሲታሞልማ አንዲት ፍሬ እንኳ ድመት ትገድላለች።) ወተቱንም ዛሬውኑ አቁሙ። ያደገች ድመት አብዛኛውን ጊዜ የወተትን ስኳር መፍጨት አትችልም፤ ያልተፈጨው ስኳር አንጀት ውስጥ ውሃ ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል።

ምግብ በድንገት መቀየሩ ብቻውን ሊያስቀምጣት ይችላል። ወደ ለመደችው ደረቅ ምግብ መልሷት፤ የቀን ድርሻዋን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጧት። ሰገራዋ ሲጠነክር እርጥቡን በሩብ ጀምሩ፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ግማሽ በግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ሩብ፤ በጠቅላላው ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። መሃል ላይ እንደገና ከላላ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሆዷ ይረፍ ብላችሁ ግን አታስርቧት። ድመት ለቀናት ካልበላች ጉበቷ በስብ ይሞላል፤ በተለይ ወፍራም ከሆነች።

ባለ ሁለት ድመት፦
በዚህ ላይ ፍርሃቱ ራሱ አንጀት ያውካል። ከአልጋ ሥር ጎትታችሁ አታውጧት። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ስጧት፤ በሁለት በኩል የተቀደደ ካርቶን አስቀምጡላት፣ አንዱ በር ቢዘጋባት በሌላው እንድትወጣ። የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥን ከምግቡና ከውሃው በተቃራኒ ጥግ ይሁን፤ አሸዋውም መጠለያው የሚጠቀምበት ዓይነት ቢሆን ይሻላል። እናንተ ገብታችሁ ወለሉ ላይ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ አታፍጥጡባት፤ ስትፈልግ ራሷ ትመጣለች።

ሌላ ድመት ካለ ለጊዜው አትቀላቅሏቸው። መጠለያ ውስጥ ትል፣ እንዲሁም ጃርዲያና ኮክሲዲያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የአንጀት ተውሳኮች የተለመዱ ናቸው፤ የተለመደው የትል መድኃኒት ደግሞ ኮክሲዲያን አይነካም። ስለዚህ ትኩስ ሰገራ በተከደነ ንጹሕ ዕቃ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱ። ጃርዲያ በየቀኑ ስለማይወጣ አንድ ምርመራ «የለም» ቢል አትዘናጉ፤ በተለያዩ ቀናት የተወሰደ ናሙና ይሻላል። ሰገራውንም በየቀኑ አንሡ፤ የኮክሲዲያ እንቁላል ሲቆይ ነው ለመተላለፍ የሚደርሰው።

ጠያቂ፦
ፈሳሽ እንዳለቀባት በምን እናውቃለን?

ውሮ ወዳድ፦
ድዷን በጣት ንኩ፤ እርጥብና ለስላሳ መሆን አለበት። ከደረቀ ወይም ከተጣበቀ ውሃ ጎድሏታል። የትከሻዋን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰም እንደዚያው። ደም ከታየ፣ ደጋግማ ካስመለሰች፣ ከፈዘዘች ወይም ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች የምግቡን ነገር ትታችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሷት። ክትባቷንም መጠለያውን ጠይቁ፤ ላልተከተበች ድመት ተቅማጥና ትውከት አንድ ላይ ሲመጡ አደገኛ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል።