ሚስቴ አዲስ አበባ ናት፣ እናቴና ወንድሜ ከኔ ጋር ናቸው፣ ታክስ በምን ልሙላ?

የእናቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ሲትዝን ነኝ፣ በ2024 አዲስ አበባ ሄጄ አገባሁ፣ የሚስቴ ፕሮሰስ ገና አላለቀም፣ አንድም ቀን አሜሪካ ገብታ አታውቅም። እናቴ በ2023 በግሪን ካርድ መጥታ ከኔ ጋር ናት፣ የሰው ልጅ እየጠበቀች በ2025 3,800 ዶላር አካባቢ አግኝታለች። ታናሽ ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው፣ በዲቪ መጥቶ ኮሌጅ ፉል ታይም ይማራል፣ ማታ ማታ እየሰራ 11,000 አግኝቷል። ነሐሴ ላይ ደግሞ የአክስቴ ልጅ መጥቶ እኛው ቤት ነው ያለው፣ ስራ የለውም። ኪራዩን፣ መብራቱን፣ አስቤዛውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ጎንደር ላለችው አያቴም በየወሩ 150 ዶላር እልካለሁ። አምና ታክስ የሰራልኝ ሰውዬ ሚስትህ እዚህ ስለሌለች ሲንግል ነህ ብሎ ሞላልኝ፣ ዘንድሮ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ሁሉንም ዲፐንደንት (ታክስህ ላይ በስርህ የምታስመዘግበው ጥገኛ) አድርጋቸው ይለኛል። ማንን ልስማ? ሚስቴን ዲፐንደንት ማድረግስ እችላለሁ?

ታክስ የምሰራ፦
ወንድሜ እንኳን ጠየቅክ። ዲሴምበር 31 ቀን ባለትዳር ከነበርክ ሲንግል ብለህ መሙላት አትችልም፣ ሚስትህ የትም ትሁን። ሚስት ደግሞ በምንም መንገድ ዲፐንደንት አትሆንም።
አሁን ያንተ ልዩ የሚያደርገው ሚስትህ ኖን ሬዚደንት (ለታክስ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነች) መሆኗ ነው። እንደዛ ሲሆን ለሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው የሚሞላበት) ብቻ እንዳላገባ ሰው ትቆጠራለህ፣ ግን ሌላ ብቁ የሚያደርግህ ሰው ያስፈልግሃል፣ እሱም እናትህ አለችልህ። ከቤቱ ወጪ ከግማሽ በላይ አንተ መክፈል አለብህ፣ ኪራይ መብራት ውሃ እቤት የሚበላ ምግብ ይቆጠራል፣ ልብስና ህክምና እዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ለ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ (ታክስ ሳይሰላ ከገቢህ የሚቀነሰው) 23,625 ነው፣ ሴፓሬት (ባለትዳር ግን ለየብቻ) ብትሞላ ግን 15,750 ብቻ ነበር።
ሌላም መንገድ አለ፣ ሚስትህን እንደ ሬዚደንት ቁጠሩልን ብላችሁ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ወረቀት አያይዛችሁ ጆይንት (በጋራ) መሙላት፣ ያኔ 31,500 ይሆናል። ግን ለሷ ደብሊው 7 በሚባለው ፎርም አይቲን (ሶሻል ሴኩሪቲ ለሌለው ሰው የሚሰጥ የታክስ ቁጥር) ማውጣት አለብህ፣ እዛ የምታገኘው ገቢም ሁሉ ይገባል። ደመወዟ ትንሽ ከሆነ ይህኛው ሊሻልህ ይችላል፣ በሁለቱም አሰርተህ አወዳድር።

ቁጥር ወዳድ፦
ዲፐንደንቶቹን በተመለከተ እኔም ታላቅ ስለሆንኩ በዚህ አልፌያለሁ። እናትህ ገቢዋ ከ5,200 በታች ስለሆነ (የ2025 ገደብ ነው) እና ከሚያስፈልጋት ከግማሽ በላይ የምትችላት አንተ ስለሆንክ ትሆናለች። የምትኖርበት ክፍል ቢከራይ የሚያወጣው ዋጋም አንተ እንደሰጠሃት ድጋፍ ይቆጠራል፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ልጅ ጥበቃው በራሷ የምትሰራው ከሆነ ግን ትርፉ ከ400 ዶላር ስለሚበልጥ የራሷን ታክስ መሙላት አለባት።
ወንድምህ ደግሞ 11,000 አገኘ ብለህ እንዳትተወው! ከ24 ዓመት በታች ነው፣ ቢያንስ 5 ወር ፉል ታይም ተምሯል፣ በዕድሜ ካንተ ያንሳል፣ ከግማሽ ዓመት በላይ ካንተ ጋር ኖሯል፣ ስለዚህ እንደ ልጅ ነው የሚታየው እና ገቢው አያግደውም። የሚያግደው ከራሱ ወጪ ከግማሽ በላይ ራሱን ከቻለ ነው፣ ባንክ ያስቀመጠው አይቆጠርም፣ ያወጣው ብቻ ነው። እሱም እናትህም የየራሳቸውን ሲሞሉ ሌላ ሰው ዲፐንደንት ሊያደርገኝ ይችላል የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉ፣ አለዚያ የአንዳችሁ ፋይል ሊመለስ ይችላል። በእያንዳንዳቸው የ500 ዶላር ክሬዲት (ከታክስህ ላይ የሚቀነስ) አለህ።
የአክስትህ ልጅ አይሆንም። የአክስት ልጅ ሙሉውን ዓመት አንተ ቤት መኖር አለበት፣ ነሐሴ የመጣ አይቆጠርም። አያትህም አትሆንም፣ ዲፐንደንት የአሜሪካ ዜጋ ወይም ሬዚደንት፣ ካልሆነም ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። ለሷ የምትልከውም አይቀነስም፣ ያሳዝናል ግን ህጉ እንደዛ ነው።

የሜሪላንዷ፦
የአምናውን ግን ዝም ብለህ እንዳትተወው በናትህ። ለሚስትህ አይ 864 (የስፖንሰርነት ፎርም) ስትሞላ ታክስህን ይጠይቁሃል፣ አንዱ ወረቀት ላይ ባለትዳር ሌላው ላይ ሲንግል ስትሆን ለጥያቄ በር ትከፍታለህ። እኔ ይሄ ደርሶብኝ በ1040 ኤክስ (የማስተካከያ ፎርም) አስተካክዬ ነው የላክሁት፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።

የእናቱ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። በ2024ም እናቴ ከኔ ጋር ነበረች፣ ያኔ ምንም ገቢ አልነበራትም። ባስተካክለው እቀጣለሁ ወይ?

ታክስ የምሰራ፦
እንደውም ተመላሽ ሊኖርህ ይችላል። በ2024 ሲንግል 14,600 ነበር፣ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ 21,900፣ የእናትህ 500 ክሬዲትም አለ። ተመላሽ ለመጠየቅ ከሞላህበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አለህ። የኪራይ ደረሰኝና እናትህ እዛ አድራሻ መኖሯን የሚያሳይ ደብዳቤ ያዝ። የሚሰራልህ ሰው ፈርሞ የታክስ ሰሪነት ቁጥሩን ካላስገባ ስራውን አትስጠው፣ ገንዘብ ካሳሰበህ ቪታ (በጎ ፈቃደኞች ታክስ የሚሰሩበት ፕሮግራም) በነፃ ይሰራሉ፣ ግን ኖን ሬዚደንት ሚስት አለችኝ ብለህ ቀድመህ ደውለህ ጠይቃቸው፣ ሁሉም ቦታ አይሰሩትም።