ከጥቅምት እስከ ጥር ላለው ብርድ ቤትን ማዘጋጀት፦ አዲስ አበባ ላይ ምን ይገዛ፣ ማንስ ይጠራ?

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ብርድ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ክረምቱን ነው። ሌሊቱን የሚያንዘፈዝፈው ብርድ ግን የሚመጣው ዝናቡ ካቆመና ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድሩም ጣሪያውም ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱም የተለመደ ነው። እንጦጦ ሥር ያሉት ሽሮ ሜዳና ቁስቋም ከአቃቂና ከቃሊቲ እጅግ ከፍ ስለሚሉ ብርዱ ይጠናባቸዋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለው ከተማ ደግሞ ውርጭ ይወርዳል።

ከዘመድ ከወዳጅ ሁልጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «የትኛው ማሞቂያ ይሻላል?» የሚል ነው። የእኔ ጥቆማ ማሞቂያው የመጨረሻው ግዢ እንዲሆን ነው። በእነዚህ ወራት ቀኑ ፀሐያማ ስለሆነ ቤቱ በቀን ይሞቃል፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ያ ሙቀት ከመሸ በኋላ እንዳያመልጥ በሚያደርጉ ሥራዎች ላይ ብታውሉት፣ ማሞቂያ የሚያስፈልጋችሁ በጥቂት ሌሊቶች ብቻ ይሆናል፤ ምናልባትም ጭራሽ አያስፈልጋችሁም።

የመጀመሪያው ጉዳይ ኮርኒስ ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣና ቆርቆሮ ስስ ብረት በመሆኑ ሙቀትን ወዲያው ስለሚያስተላልፍ፣ ኮርኒስ የሌለው ወይም ኮርኒሱ የተቀደደ ቤት ምን ዓይነት ማሞቂያ ቢገባበት አይሞቅም። በከተማችን በብዛት የሚሠሩት አራት ዓይነት ናቸው። አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጨርቅ ወጥሮ መስፋት ከሁሉም ርካሽ ነው፤ የአየሩን ዝውውር ስለሚገታ ከምንም ይሻላል፣ ሆኖም አቧራ ያጠራቅማል፣ አይጥም በቀላሉ ይቀደዋል። ችፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራ ሰሌዳ) በሞራሌ፣ ማለትም በተሰነጠቀ ቀጭን እንጨት ላይ ሲመታ ሙቀትን ከጨርቅ በእጅጉ የተሻለ ስለሚይዝና ማንኛውም ደህና አናጢ ሊሠራው ስለሚችል፣ ለአሮጌ የቆርቆሮ ቤት እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ድክመቱ ውሃ ነው፤ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ያብጣል፣ ይላላል፣ ስለዚህ ክረምቱ በግድግዳውና በአሮጌው ኮርኒስ ላይ የተዋቸውን የውሃ ምልክቶች ተከትላችሁ ቆርቆሮውን አስቀድማችሁ አስጠግኑ። ጅብሰም መልኩ ያማረና እሳትን የሚቋቋም ቢሆንም ከባድ ስለሆነ ጠንካራ መያዣና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ፒቪሲ ውሃ አይጎዳውም፤ በዚህ ምክንያት ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው፣ ምድጃ ባለበት ክፍል ግን በሙቀት ስለሚቀልጥ አልመክረውም። ከኮርኒሱ በላይ ነጭ ፎም ለማድረግ የምታስቡ ሰዎች ፎሙ በቀላሉ የሚቀጣጠል መሆኑን አውቃችሁ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት ቦታ ፈጽሞ እንዳታደርጉት እለምናችኋለሁ።

ሠራተኛን በተመለከተ፣ አናጢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዋዋሉት በካሬ ሜትር ነው። ዕቃውን ከተክለ ሃይማኖት ወይም ከመርካቶ ራሳችሁ ገዝታችሁ የእጅ ዋጋ ብቻ መነጋገር፣ ጊዜው ላለው ሰው፣ ዕቃውንም ሥራውንም ለአንድ ሰው ከመስጠት ይሻላል፤ የሞራሌውን ደረቅነትና የችፑዱን ውፍረት በዓይናችሁ ታያላችሁና። አናጢው ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን ሥራውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ አዲስ ኮርኒስ ሁሉ ያምራል፣ ልዩነቱ የሚታየው ዝናብና ፀሐይ ከተፈራረቁበት በኋላ ነው።

የጭቃ ቤት ያላችሁ ደግሞ ጥቅምት የምርጊት ወር መሆኑን አትርሱ። በክረምት የራሰው ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በማገሩና በጣሪያው መካከልም ክፍተት ይፈጠራል። በደንብ የተቦካ፣ የጤፍ ጭድ የገባበት ጭቃ ለዚህ ከሲሚንቶ ልስን ይበልጣል፤ ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር እኩል ስለማይሰፋና ስለማይኮማተር ጥቂት ቆይቶ እየተላቀቀ ይወድቃል። የምርጊት ሙያ ያላቸው ሰዎች በከተማው እየቀነሱ ስለሆነ በሰፈራችሁ ካሉት አረጋውያን ጠይቃችሁ አፈላልጉ። ከሰል ወይም እንጨት የሚነድበት ማድ ቤት ግን የጭስ መውጫው አይደፈን።

በኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ችግሩ ሌላ ነው። በብዙዎቹ ሕንጻዎች ላይ የተገጠሙት መስኮቶች ኤል ቲ ዜድ ከሚባለው ስስ የመስኮት ብረት የተሠሩ፣ ባለ አንድ መስታወት ናቸው፤ ክፈፉና ተከፋቹ በትክክል ስለማይገጥሙ ሌሊት ነፋስ ያስገባሉ። ብዙዎች አውጥተው አሉሚኒየም ያስገጥማሉ። ይህን ለማድረግ ካሰባችሁ ከተንሸራታች ይልቅ ተከፋች አሠሩ፤ ተከፋቹ ሲዘጋ ዙሪያውን ከጎማው ጋር ስለሚጣበቅ ነፋስ አያሳልፍም፣ ተንሸራታቹ ግን መንሸራተት እንዲችል የግድ ክፍተት ይተውለታል። አሉሚኒየም ቤት ስትዋዋሉ የጎማው ዓይነትና በክፈፉና በግድግዳው መካከል የሚሞላው ሲሊኮን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ብዙ ጊዜ ለዋጋ ሲባል የሚቀነሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። መስኮት ለመቀየር አቅሙ የሌለው ሰው በዕቃ መደብሮች የሚሸጠውን ራሱ የሚለጠፍ ስስ ስፖንጅ በክፈፉ ላይ፣ ላስቲክ ያለውን መከላከያ ደግሞ በበሩ ሥር ቢያደርግ በጥቂት ብር ትልቅ ለውጥ ያገኛል። ወፍራም መጋረጃም ይረዳል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መስኮቱን መዝጋት፣ ስትጠልቅ መጋረጃውን መሳብ ነው።

ወደ መኝታው ስንመጣ፣ እዚህ ላይ አገራችን የታደለች መሆኗን ደስ እያለኝ እናገራለሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጋቢ በአራት ድርብ የተሠራ ጥጥ ስለሆነ በድርቦቹ መካከል አየር ይይዛል፤ ለመቀመጫ ሰዓትና ለቀላል ብርድ ተወዳዳሪ የለውም፣ ሽሮ ሜዳም ብዙ አማራጭ አለ። የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች የሚሠሩት ቡልኮ ከጋቢ የከበደና የወፈረ ነው፤ እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ከአንሶላ በላይ አንድ ቡልኮ ብዙውን ሌሊት ይበቃዋል። ከሁሉም የሚሞቀው ግን የመንዝ ባና ነው። ከመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራ በመሆኑ ጥቂት እርጥበት ቢይዝም እንኳ ሙቀቱን አይለቅም፣ ለብዙ ዓመታትም ያገለግላል፤ ይሻክራል፣ ስለዚህ ከሥሩ አንሶላ ወይም ነጠላ ያስፈልገዋል። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ ፍል ውሃ ያኮማትረዋል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ካላችሁ ባናውን ከዚያ ቢያመጣላችሁ፣ ከመርካቶ ይልቅ የምርጫውም ስፋት የፀጉሩም ጥራት የተሻለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዚያው ከተማ ያለው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ምርትም ባና ለሚሻክረው ሰው ጥሩ አማራጭ ነው። ከውጭ የሚገቡት ለስላሳ የፖሊስተር ብርድ ልብሶች ቀላል፣ ቶሎ የሚደርቁና በዋጋም የሚቀመሱ ናቸው፤ ላብ ስለሚያፍኑና እሳት ሲነካቸው ቀልጠው ከቆዳ ጋር ስለሚጣበቁ ግን ሻማ ወይም ማሞቂያ ባለበት ክፍል ለሕፃን ባይደረጉ እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ብርዱ ከሥርም የሚመጣ መሆኑን ነው። ስስ ስፖንጅ ፍራሽ በሊሾ ወይም በሴራሚክ ወለል ላይ ከተነጠፈ፣ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ቢደረብም ጀርባ አይሞቅም። ከአንሶላው ሥር አንድ የበግ አጎዛ ማንጠፍ ከእነዚያ ከሚደረቡት ብርድ ልብሶች የበለጠ ጥቅም ይሰጣል። ስትገዙ ቆዳው በደንብ የለፋና ሽታው የጠፋ መሆኑን አረጋግጡ፣ ከመጠቀማችሁም በፊት በጥቅምት ፀሐይ ላይ ለጥቂት ቀናት አስጡት።

ስለ ከሰል ያለኝ ቃል አንድ ነው፦ በሚተኛበት ቤት ውስጥ አይደር። ከሰል ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን አደጋው ያበቃ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም መልክም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ ወይም ዕጣን ማጨስ መርዙን አያጠፋውም። ቡና ከተፈላ በኋላ ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ አብሯችሁ ባለው ሰው ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ ወዲያው በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስም በ907 ደውሉ። ቤትን በስፖንጅና በላስቲክ ካጠበቃችሁ በኋላ ይህ ጥንቃቄ ከበፊቱ ይልቅ የግድ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚያስፈልጋቸው አራስ፣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ያለባቸው ቤቶች ናቸው። በዘይት የተሞላው ራዲያተር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ላዩ ቀይ እስኪሆን ስለማይግል ለመኝታ ክፍል ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ማራገቢያ ያለው ቶሎ ያሞቃል፣ ሲጠፋ ግን ክፍሉ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ፊት ለፊቱ የተቀመጠን ሰው ብቻ ያሞቃል፤ ርካሽ ቢሆንም መጋረጃና አልጋ አጠገብ አደገኛ ነው። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በየምሽቱ ለ3 ሰዓት ቢሠራ በወር 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል፤ የቤት ታሪፉም በፍጆታ እርከን ስለሚያድግ ወጪው ከምትገምቱት በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ማሞቂያ ወደ 9 አምፔር ስለሚስብ ከስስ ማከፋፈያ ገመድ ላይ አይሰካ፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ከቆጣሪው ጀምሮ እስከ ሶኬቱ ያለው መስመርና ግራውንዱ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ገመድ) ይታይ።

የመታጠቢያ ውሃን በሚመለከት፣ በቀጥታ የሚያሞቀው የሻወር ማሞቂያ ለመግዛት ርካሽ ቢሆንም ባለ 5,500 ዋቱ 25 አምፔር ስለሚፈልግ በአሮጌ መስመር ላይ ሊገጠም አይገባውም። ባለ 50 ሊትር ቦይለር በ1,500 ዋት ውሃውን ለማሞቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፤ መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት ሰፈር ግን ያከማቸው ሙቅ ውሃ ትልቅ ጥቅም አለው። የራሱ ጣሪያና ከፍ ያለ ሮቶ ያለው ሰው የፀሐይ ማሞቂያ ቢያስገጥም እመርጣለሁ፣ ብርዱ በሚጠናበት ወቅት ፀሐይ ትበዛለችና።

ተከራዮች ኮርኒስና መስኮት ላይ ገንዘብ እንድታወጡ አልመክርም፤ አከራዩ ወጪውን ከኪራዩ ላይ ለማሰብ ካልተስማማ በስተቀር። ለእናንተ የሚሻለው ሲለቁ ይዘው የሚሄዱት ነገር ነው፦ አጎዛ፣ ባና ወይም ቡልኮ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የጎማ ከረጢት። በሃይላንድ ፍል ውሃ መሙላት ግን ፕላስቲኩን ስለሚያለሰልሰውና ሊፈስ ስለሚችል ይቅር።

ጋቢና ቡልኮ በትእዛዝ ማሠራት የምትፈልጉ በጥቅምት ውስጥ ብታዝዙ መልካም ነው፤ ከኅዳር በኋላ ሸማኔዎቹ በገናና በጥምቀት ልብስ ሥራ ስለሚያዙ ቀጠሮው ይረዝማል፣ ዋጋውም ይጨምራል።