የኢትዮጵያውያን ደራሲዎች ስም በዋቢ ዝርዝር ውስጥ እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ ተመራቂ
በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ በማጠናቀቅ ላይ ሳለሁ፣ አማካሪዬ የዋቢ ዝርዝሩን በሰባተኛው የኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የአጠቃቀስ መመሪያ) እትም እንዳስተካክል አዘዙኝ። ሕጉ የቤተሰብ ስም እንዲቀድምና የግል ስም በመነሻ ፊደል እንዲያጥር ስለሚጠይቅ፣ የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ብዬ አሰፈርኳቸው፤ ይህ ግን መጽሐፉን ለአባታቸው መስጠት መሰለኝ። በተጨማሪም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስጠቅስ የትኛውን ዓመት ልጻፍ?

መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ
ስጋትዎ ትክክል ነው። ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወረስ የቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ የሚገለበጥበት ምክንያት የለም። ስለ ኢትዮጵያና አካባቢዋ የተዘጋጀው መዝገበ ዕውቀት ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም የሚከተለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ባሕሩ ዘውዴ (1991)» ብለው ሳያሳጥሩ ይጻፉ፤ ስሙም ከእንግሊዝኛው ዝርዝር መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ይመጣል።

ዓመቱን በተመለከተ፣ ዝም ብሎ ስምንት መደመር ያሳስታል። 1958 ዓ.ም. ከመስከረም 1965 እስከ መስከረም 1966 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል፤ መጽሐፉ የታተመው ከታኅሣሥ 23 በፊት ከሆነ 1965፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 1966 ይሆናል። ወሩ ካልታወቀ «1958 ዓ.ም. (1965/66)» ብሎ መጻፍ ከግምት ይሻላል።

መልስ፦ የዶክትሬት ተማሪ
የሚያስቸግረው ዋቢዎችን የሚያደራጀው ሶፍትዌር ነው። በዞቴሮ ከስሙ አጠገብ ያለውን ምልክት ተጭነው ሁለቱን ሳጥኖች ወደ አንድ ይለውጡና ሙሉ ስሙን እዚያ ይጻፉ፤ በኤንድኖት ደግሞ ከሙሉ ስሙ በኋላ ኮማ ማስገባት ይበቃል። ከኢንተርኔት የሚወርድ መረጃ ስሙን ገልብጦ ስለሚያመጣ (እኔን የሁለት ሌሊት እንቅልፍ አሳጥቶኛል) እያንዳንዱን ይመልከቱ።

መልስ፦ የመጽሔት አርታዒ
በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ውጭ አገር የሚኖሩና የአባታቸውን ስም ራሳቸው እንደ ቤተሰብ ስም የሚጠቀሙ ደራሲዎች አሉ፤ እነርሱን በፈረሙበት መልክ መጥቀስ ይገባል፤ አለዚያ አንባቢ ሥራቸውን በመረጃ ቋት ፈልጎ አያገኝም። የትኛውንም ቢመርጡ ከዝርዝሩ በላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስታውቁ፤ ፈታኙ እንደ ስሕተት እንዳይቆጥረው።

ጠያቂው፦ ተመራቂ
አማካሪዬ ማስታወሻው ከገባ እንደሚቀበሉት ነገሩኝ። ዝርዝሬን ስፈትሽ አሥራ አራት ስሞች ተገልብጠው ስላገኘሁ አሁን እነርሱን በማረም ላይ ነኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።