ቤዝመንቴ ውስጥ የተተከለው ካናቢስ ዜግነቴን ያሳጣኝ ይሆን?

የአንገረቧ (ለጊዜው ጎንደር)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የአባቴን ተዝካር ላወጣ ጎንደር ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ቤቴ ሜሪላንድ ነው፤ ቤዝመንቱን ለአክስቴ ልጅ ካከራየሁት ዓመት አልፎታል። ትናንት ጎረቤቴ ደውላ ከእኔ ቤት የሚወጣው ሽታ መስኮት እንዳትከፍት እንዳደረጋት ነገረችኝ። ወዲያው ለልጁ በቪዲዮ ደወልኩና ቤቱን አሳየኝ አልኩት። የክረምት ልብሴን ከማስቀምጥበት ቁም ሣጥን አጠገብ ጥቁር ድንኳን ቆሟል። ዚፑን ሲከፍተው ሐምራዊ መብራት ዓይኔን ወጋው፤ ከመብራቱ ሥር አምስት ባልዲ፣ በየባልዲው ወገብ የሚደርስ ካናቢስ። ሽቦው ከልብስ ማጠቢያዬ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል። «እትዬ፣ እዚህ እኮ ተፈቅዷል» አለኝ።

የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መጠይቄ የሚመጣው ወር ነው። ጣጣው ለእኔ ይተርፋል ወይ? ልጁንስ እንዴት ላስወጣው? እናቱ የአባቴን ተዝካር ጠላ ጠምቃ፣ አሁንም እዚሁ ጓዳ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ነው። ምን ብዬ ልንገራት?

የአዘዞው (ቨርጂኒያ)
እህቴ፣ አባታችንን ነፍስ ይማር። ልጁ የነገረሽ ግማሹን ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲተክል ፈቅዳለች፤ ግን ለአንድ ቤት ሁለት እግር ብቻ። ስንት ሰው ቢኖርበት ቁጥሩ አይጨምርም። ከውጭ መታየት የለበትም፤ ልጆች እንዳይደርሱበትም መጠበቅ አለበት። አምስት እግር ስለዚህ በዚያው በሜሪላንድ ሕግም ጥፋት ነው።

ይህ ግን ትንሹ ነው። ዜግነት የሚሰጠው ፌዴራሉ እንጂ ሜሪላንድ አይደለችም። በ1970 በወጣው የፌዴራል ሕግ ካናቢስ ማብቀል ዛሬም ወንጀል ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም እንኳ ከካናቢስ ጋር መነካካት የአመልካቹን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። የሚመረመሩት ያለፉት 5 ዓመታት ናቸው፤ በትዳር በኩል ለሚያመለክት 3። ደግሞም ፍርድ ቤት መቅረብ የግድ አይደለም፤ ሰው በገዛ አፉ ያመነው ሊበቃ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለራሱ መጠቀሚያ ከ30 ግራም ያልበለጠ አንድ ጊዜ ቢገኝበት ከመባረር የምታድነው ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ ተክሎ የተገኘ ግን በእሷ አይሾልክም። አንቺ አልተከልሽም፤ ግን ቤቱ በስምሽ ነው፣ ከትናንት ጀምሮም ታውቂያለሽ። ሳትሳፈሪ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሪ። በቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ አደራሽን፣ እንዳትዋሺ።

የቁስቋሟ (ዴንቨር)
እኔ ስለ ቤቱ ልንገርሽ፤ የደረሰብኝ ስለሆነ። ኮሎራዶ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ከፈቀደች ወዲህ አንድ አዋቂ 6 እግር ይተክላል፤ በአንድ ጊዜ ሊያብቡ የሚችሉት ግን 3 ብቻ ናቸው። እኔ የገዛሁት ቤት ቤዝመንት አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን አበጠ። ሠራተኛው ግድግዳውን ሲቀደው ጀርባው ከወለል እስከ ጣሪያ ጥቁር ሻጋታ ነው። ተክሉ የጠጣውን ውሃ በቅጠሉ መልሶ ይተነፍሰዋል፤ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ መብራቱ ተክሉ ሲያድግ በቀን 18 ሰዓት፣ ሲያብብ 12 ሰዓት ይበራል። ያን ሁሉ በአንድ ማከፋፈያ መሰካት እሳት መጥራት ነው። የመብራት ሒሳብሽን ወር በወር ተመልከቺ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደተከለ ይነግርሻል።

የቀሃው (ፍራንክፈርት)
እዚህ ጀርመን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ወዲህ ለአንድ አዋቂ ሦስት እግር ተፈቅዷል፤ ሰማይ አልተደፋም። ልጁ ወጣት ነው፤ ይመከር። ወንድሜ አዘዞ፣ አንተ ስለ አንቀጽ ትናገራለህ፤ እናቱ «አደራ» ብላ የሰጠችውን ልጅ ሜዳ ላይ ይጣል ነው የምትለው? ጎንደር ቁጭ ብላ የሰማችው እናት ምን ትሆናለች? እኛን በየሰው ሶፋ ላይ ያሳደሩን ዘመዶች ሕግ እየጠቀሱ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት ነበርን?

የአዘዞው
አደራውን የበላው እኮ ልጁ ነው! አሥር ዓመት ሌሊት ሠርታ የገዛችውን ቤት፣ የጠበቀችውን ወረቀት በአምስት ባልዲ አስያዘባት። ኢትዮጵያ ውስጥ ቢተክል ኖሮ እስር ቤት ነበር፤ ይህን እናቱም ታውቃለች።

የአራዳው (ሲያትል)
ቁልፉን ለውጪና ተገላገዪ።

የአዘዞው
ይህን ስሕተት እንዳትሠሪ። ተከራይ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቁልፍ ለውጦ ማስወጣት ክልክል ነው። ዘመድም ቢሆን፣ የጽሑፍ ውል ባይኖርም።

የቀሃው
ዘመድን ፍርድ ቤት! ይኸው የተማርነው።

የአንገረቧ
እባካችሁ በእኔ ጉዳይ አትጣሉ። ከጠበቃ ጋር ሰኞ በስልክ ቀጠሮ ይዣለሁ። ልጁም ነቅዬ እጥላለሁ ብሏል፤ እስካሁን ግን አላሳየኝም። ለአክስቴ አልነገርኳትም። ዛሬ ጠዋት ቤቷ ይዛኝ ሄዳ አዲሱን ጣሪያ አሳየችኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ነው፣ ያ የሚያፈሰው ሣር ቀርቷል። «ልጄ ነው ያለበሰኝ» አለችና እጄን ይዛ አለቀሰች። ልጁ የሚሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ነው።

የአዘዞው
እህቴ፣ ከዚህ በላይ እዚህ አትጻፊ። ለጠበቃዋ ብቻ ንገሪ።

የቁስቋሟ
የመብራት ሒሳቡን አየሽው?

የአንገረቧ
አየሁት። እጥፍ የሆነው ከመስከረም ጀምሮ ነው። ቆርቆሮው የተመታው በጥር ነው።