ሰዓት ያልተጻፈባቸው ካርዶች ጉድ ሠሩኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ሐረር ነው ያለሁት። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበርኩ፣ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነው፣ ወደፊትም በድንገተኛ ሕክምና ምርምር ልቀጥል አስቤ ነበር። ነበር! ጥናቴ በሽተኛ ደርሶ ሐኪም እስኪያየው ስንት ደቂቃ ይጠብቃል የሚል ነው። ካርድ ማገላበጥ ስጀምር ግማሹ ላይ የደረሰበት ሰዓት የለም። የትሪያጁ (በሽተኛ ሲገባ በሕመሙ አጣዳፊነት የሚለይበት) ቀለም፣ ቀይም ብርቱካንም ቢጫም አረንጓዴም፣ ተሞልቷል፤ ሰዓቱ ግን ባዶ። የተጻፈውም አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ፤ 3:00 ሲል ጠዋት ይሁን ከሌሊቱ ዘጠኝ ማን ያውቃል?

ይባስ ብሎ ሰዓት የጎደላቸው አብዛኞቹ ቀዮቹ፣ ማለትም በጣም አጣዳፊዎቹ፣ ናቸው። ተሯሩጠው ነዋ ያስገቧቸው፣ ማን ሰዓት ይጻፍ! ስለዚህ እነሱን አውጥቼ የቀሩትን ብቻ ብቆጥር ውጤቱ ይዛባል። አማካሪዬ ግን «ጣያቸው» ነው የሚሉኝ። በር ላይ ቆሜ ልለካ ብልም ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ይፈጥናል፣ በዛ ላይ የሥነ ምግባር ፈቃዱን እንደገና ማስለወጥ አለ፣ መመረቂያዬ ደግሞ ደርሷል።

እንዲህ የገጠማችሁ ምን አደረጋችሁ? ሰዓቱን ከካርድ ክፍል መዝገብ ወይ ከክፍያ ደረሰኝ መውሰድስ ያስኬዳል? በናታችሁ፣ ሰኞ አማካሪዬ ጋ ቀጠሮ አለኝ።